ሒጃቧን ሳታወልቅም ታሪክ አላት

ግልጽ ደብዳቤ

ለሴቶች አጭር ልብ ወለድ ውድድር አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት፣ ለዳኞችና ለመድበሉ አርታኢዎች
ጅማ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ 9 ሴቶች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ አንዷ እህታችን ቤት ተሰብስበን ልብ ወለድ እናነባለን። የጻፍነውንም እዚያው ጮክ ብለን እናነባለን። መምህርት አለችን፣ ነርስ አለችን፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ አለችን፣ ገና ዩኒቨርሲቲ የምትማርም አለችን። ቡና ለቅማ ልጆቿን ያሳደገች አንዲት እናት ደግሞ አትቀርም። ሁላችንም ሙስሊሞች ነን። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የምናወራው ኦሮምኛ ነው። ስንጽፍ በሁለቱም ቋንቋ እንጽፋለን።

ባለፈው ዓመት ለማርች 8 ያወጣችሁትን ማስታወቂያ ስናይ ደስ ብሎን ነበር። የሴቷን ድምፅ የሚያሰማ ፌሚኒስት ልብ ወለድ ፈልጋችሁ ነበር። አራት ታሪኮች አስገባን። ሦስቱ ወደቁ። ውድድር ነውና መውደቅ ያለ ነው፣ በእሱ ብቻ አንከስም። አራተኛው ግን እኛ ሳናውቅ መጨረሻው ተቀይሮ ታተመ። አንደኛ የወጣው ታሪክ ደግሞ ስለ አንዲት የጅማ ሙስሊም ልጅ ነው። ስለ እኛ የተጻፈ ነው ማለት ነው። አንብበን ስንጨርስ ግን ራሳችንን አላገኘንበትም።

ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈን መዝገብ ቤታችሁ ገቢ አስደርገናል። እስከ ዛሬ መልስ የለም። አሁን መድበሉ ለትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ሊታደል እንደሆነ ሰምተናል። የሁለተኛው ዙር ማስታወቂያም ተለጥፏል። ስለዚህ ቅሬታችንን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆነብን።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅልን። ፌሚኒስት ልብ ወለድን አንቃወምም። እኛም ቤት በደል አለ። ያለዕድሜዋ የተዳረች አለች፣ የተደበደበች አለች፣ ድርሻዋን የተነጠቀች አለች። ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር የተሠራው ቤት በወንድሟ ስም የተመዘገበባትም አለች። ይህ ይጻፍ እንላለን። ከራሳችን ሰፈር "የቤታችሁን ገመና ለምን ታወጣላችሁ?" የሚሉን ሰዎች አሉ። እነሱን አልሰማናቸውም፣ ወደፊትም አንሰማቸውም። እናንተን የምንከሳችሁም ስለ ሙስሊም ሴት ስለተጻፈ አይደለም። ሴትየዋ ሳትታይ ስለተጻፈች ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን አንደኛ የወጣው ታሪክ ነው።

አባትየው ጢምና ዱላ ነው። እናትየው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አትናገርም። ልጅቷ ልትዳር ነው። በሠርጓ ዋዜማ ባጃጅ ተሳፍራ ትጠፋለች። አዌቱ ድልድይ ላይ ስትደርስ ሒጃቧን አውልቃ ወንዙ ውስጥ ትጥላለች። ነፋስ ፀጉሯን ይነካዋል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እንዲህ ዓይነት ልጅ የለችም አንልም። አባቷ በግድ ያለበሳት፣ በግድ ሊድራት የተነሳ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ታሪኳን ከልቡ የሚጽፍ ሰው ካለ ከሁሉም ቀድመን የምናነበው እኛ ነን። ይኼኛው ጸሐፊ ግን ልጅቷን ቀርቦ አላያትም። እንዴት እንዳወቅን እንንገራችሁ። በታሪኩ ዋና ትዕይንት ልጅቷ የወር አበባዋ መጥቶ እያመማት፣ አባቷ ተቆጥቶ ሶላት ላይ ያቆማታል። ጸሐፊው ጭቆናዋን ያሳየው በዚህ ነው። በእስልምና ሴት በወር አበባ ጊዜ አትሰግድም። ይህን የማያውቅ የሙስሊም አባት፣ እናት፣ ትንሽ ወንድም እንኳ የለም። ሰፈር ውስጥ አንዲት ሙስሊም ሴት ተጠይቃ ቢሆን በአንድ ደቂቃ የሚታረም ስህተት ነበር። ሰባት ዳኞች አንብበውት አለፈ።

መህሩም፣ ማለትም ባል ለሙሽሪት የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ እንደዚያው። በታሪኩ ውስጥ ሽማግሌዎቹ መህሩን ቆጥረው ለአባትየው ያስረክባሉ። ልጅቷም "ሸጡኝ" ብላ ታለቅሳለች። መህር የአባት አይደለም፣ የሙሽሪት ነው። ቁርኣን በአራተኛው ሱራ፣ በአን-ኒሳእ መጀመሪያ ላይ፣ ለሴቶቹ መህራቸውን ስጡ ይላል። ታዲያ በደል የለም ወይ? አለ እንጂ! ወረቀት ላይ ተጽፎ ዕድሜ ልክ የማይከፈል መህር አለ። የሙሽሪት መሆኑ እየታወቀ ዘመድ የሚቀራመተው መህር አለ። እሷ አፏን ሳትከፍት "ለአላህ ብላ ትታዋለች" የተባለላት ስንት ሴት አለች። ጸሐፊው ይህን ቢያውቅ ኖሮ በእጁ የነበረው ታሪክ የሚያንገበግብ ነበር። የተሰጣትን መብት የተነጠቀች ሴት ታሪክ ማለት ነው። እሱ ግን ከመጀመሪያውም ምንም ያልተሰጣት አድርጎ ጻፋት። የምትሟገትበትን ነገር ከእጇ ወሰደባት።

ከወደቁት ታሪኮቻችን አንዱን እዚህ ላይ ማንሳት አለብን። የጻፈችው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሻችን ናት። ስለ ኒካሕ፣ ስለ ጋብቻው ውል፣ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ሴት ልጅ ፈቃዷ ሳይጠየቅ አትዳር ይላል። ያላገባች ልጅ ልታፍር ትችላለችና ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል ይላል። ሐዲሱ የልጅቷን ሐፍረት ለመጠበቅ ነው የመጣው። ግን ዝምታን የሚተረጉመው ማነው? ታሪኩ በሙሉ አንድ በር ላይ የሚያልቅ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ምስክሮቹ በር ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። ልጅቷ ጓዳ ተቀምጣለች። አጠገቧ አክስቷ አለች። አክስትየው "ዝም ብላለች፣ ተስማምታለች" ለማለት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ትቀድማትና "አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" ትላለች። ይደግማሉ። አሁንም "አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" ትላለች። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ግቢው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል። ታሪኩ እዚያ ያቆማል።

ይህች ልጅ መድረሳ ተምራለች። እንደምትጠየቅ ታውቃለች። ዝምታዋ በእሷ ላይ እንዳይውል ለማድረግ ያገኘችውን አንድ ክፍተት ተጠቀመችበት። ይህን ታሪክ ቅዳሜ ዕለት ስታነብልን ነርሷ እህታችን እንባዋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። የኒካሗ ቀን ትዝ ብሏት ነው።

የእናንተ ዳኛ ከወረቀቱ ግርጌ የጻፈው ይህ ነው፦ "ባለታሪኳ ውሳኔ አልወሰነችም። ለአጠቃላይ አንባቢ ግልጽ አይደለም።" አጠቃላይ አንባቢ ማለት ማን ነው? ጅማ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለን ስንጽፍ እኛ ከአጠቃላይ አንባቢ ውስጥ አንቆጠርም ማለት ነው?

ሁለተኛው ቅሬታችን ከሁሉም ይከብዳል። መጨረሻው ስለተቀየረው ታሪክ ነው።

ታሪኩ የዚያች ቡና ለቃሚ እናት ነው። እሷ ነገረችን፣ መምህርቷ እህታችን ጻፈችው፣ መስመር በመስመር አብረው አረሙት። ባለታሪኳ አባቷ ማና ወረዳ ሞቶ ቤት፣ ሁለት ላምና የቡና ተክል ትቷል። ሦስት ወንድሞች አሏት። ቡናውን ከልጅነቷ ጀምሮ የለቀመችው እሷ ናት። ድርሻዋን ስትጠይቅ "ወንድሞችሽ አሉልሽ አይደል?" ይሏታል። ለኢድ አንድ ጆንያ በቆሎ ይልኩላታል። ከዚያ በላይ ስትል ስግብግብ ትባላለች። ይህ የሙስሊም ብቻ ችግር እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ሲያለቅሱ አይተናል።

ሴትየዋ ፊት ሁለት በር አለ። አንደኛው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንዲታዩ ይላል። ሁለተኛው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብና የግል ጉዳያቸውን በሃይማኖታቸው ሕግ መዳኘት ይችላሉ ይላል። በሸሪዓው የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ ነው። ወንድሞቿ በሁለቱም በር መግባት አይፈልጉም። እነሱ የሚፈልጉት በልማድ መቅረት ነው። በልማድ የእሷ ድርሻ ባዶ ነውና።

እሷ እኩል ድርሻዋን ይዛ ወንድሞቿን ለዘላለም ማጣት ትፈራለች። ግማሹን ይዛ ደግሞ ነገ ለልጇ ምን እንደምትላት ታስባለች። ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱን በር ስታወጣ ስታወርድ ታድራለች። ጠዋት ወደ ቃዲው፣ ወደ ሸሪዓው ዳኛ፣ ትሄዳለች። ትልቁ ወንድሟ መስጊድ ሁልጊዜ የፊት ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት "ለሴቶችም ወላጆችና ቅርብ ዘመዶች ከተዉት ድርሻ አላቸው፣ ከጥቂቱም ከብዙውም" የሚለውን የቁርኣን አንቀጽ በቃሏ ታነብለታለች። የሚመልሰው ቃል ያጣል። ፍርዱን ይቀበላል። ማታ ላይ ልጇን "አንቺ ብትሆኚ የትኛውን በር ትመርጪ ነበር?" ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ታስባለች። ታሪኩ ያለቀው በልጅቷ ሐሳብ ላይ ነበር።

በታተመው መድበል ውስጥ ግን ሴትየዋ ቃዲው ፊት ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ትጥልና "ከእንግዲህ ነፃ ነኝ" ብላ ትወጣለች። ልጇ የለችም። ሁለተኛው በር የለም። ጥያቄው የለም። ድርሻዋን ታግኝ አታግኝ እንኳ አይታወቅም።

መጽሐፉ እንደደረሰን ለባለታሪኳ አነበብንላት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ይቺ እኔ አይደለሁም። ሦስት ዓመት የተሟገትኩት ለቡናዬ ነው። ሻሼን ጥዬ በየት በኩል ቤቴ እገባለሁ?" ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪክ ንገሪን ስንላት "ተዉኝ እባካችሁ" ትለናለች። ይህን ኪሳራ ማን ይተካልን?

በስልክ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ "መልእክቱ እንዲጎላ ነው፣ ግጭት ይጎድለዋል" የሚል ነው። በሁለት ሕግ መካከል የቆመች ሴት ግጭት የላትም? ወንድሟን እየወደደች የምትከሰው ሴት ግጭት የላትም? ግጭት ማለት ከሃይማኖቷ ጋር መጣላት ብቻ ከሆነ ሙስሊም ሴት ሁሉ አንድ ታሪክ ብቻ ነው ያላት ማለት ነው። መውጣት። ወጥታ የት እንደምትሄድ፣ ማታ የት እንደምታድር ግን ማንም አይጽፍላትም።

እኛ የራሳችንን ቤት እያፈቀርን መተቸት ያመጣነው አዲስ ነገር አይደለም። የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ተራ በተራ አንብበነዋል። መምህርቷ እየተረጎመችልን ሦስት ወር ፈጅቶብናል። ባለታሪኳ 12 ልጆች ያሏት መምህርት ናት። ባሏ ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ የልጇን ጓደኛ አግብቶባታል። አሁን ሞቶ ኢዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትቆይበት የሐዘን ጊዜ፣ ተቀምጣለች። መጽሐፉ በሙሉ ኢዳ ላይ ሆና ለጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። የባሏ ወንድም በአርባው መጥቶ "አገባሻለሁ" ሲላት ስንት ዓመት ያመቀችውን ተናግራ ታባርረዋለች። ከአንድ በላይ ማግባትን እንደዚህች ሴት አድርጎ የተቸ ጽሑፍ እኛ አላነበብንም። ባለታሪኳ ግን ሶላቷን አልተወችም። ይህ መጽሐፍ በ1980 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ለሚታተሙ መጻሕፍት ይሰጥ የነበረውን የመጀመሪያውን የኖማ ሽልማት አግኝቷል። እናንተ ጋ ቢመጣ ኖሮ መጨረሻው ይቀየር ነበር ብለን እንፈራለን።

ቤንጋላዊቷ ሮኬያ ሰኻዋት ሑሴን በ1905 እ.ኤ.አ. ወንዶቹ ቤት ተዘግቶባቸው ሴቶቹ በሳይንስ አገር የሚያስተዳድሩበትን ታሪክ ጻፈች። ጽፋ አልቀረችም፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ካልካታ ውስጥ ለሙስሊም ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ሱዳናዊቷ ሌይላ አቡሌላ ለአፍሪካውያን አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የመጀመሪያውን የኬን ሽልማት በ2000 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች። በልብ ወለዶቿ ውስጥ ሒጃብ ማድረግ የምትጀምር ባለታሪክ አለች፣ መሸፈኗም የታሪኩ መጀመሪያ እንጂ የሕይወቷ ማብቂያ አይደለም። ግብፃዊቷ ሐኪም ነዋል አል-ሰዕዳዊ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች። በሃይማኖትም በመንግሥትም ላይ ቃሏ ከባድ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ስትታሰር እስር ቤት ውስጥ በቅንድብ እርሳስ የሽንት ቤት ወረቀት ላይ ጽፋለች። እሷንም እናነባለን። እሷ ላይ ተጨቃጭቀን ሁለት ሳምንት የተኮራረፉ እህቶች አሉን። ከባድ ትችት አንፈራም ያልነው ለዚህ ነው።

ከእነዚህም ሁሉ በፊት የነበሩ አሉ። የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሰለማ "ቁርኣን ወንዶችን ሲያነሳ እኛ ለምን አንነሳም?" ብላ እንደጠየቀች፣ ከዚያም "ሙስሊም ወንዶችና ሙስሊም ሴቶች" እያለ ሁለቱንም እኩል የሚጠራው አንቀጽ እንደወረደ ይዘገባል። 58ኛው ሱራ ስሙን ያገኘው በባሏ ጉዳይ ነቢዩ ዘንድ ቀርባ ከተከራከረች ሴት ነው። እዚሁ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ስናልፍ ሽማግሌዎች የሚነግሩን አለ። ንጉሡ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦርነት እንዲያድን የመከረችው እናቱ ጉሚቲ ናት ይባላል። ስለዚህች ሴት አንድ አጭር ልብ ወለድ አላየንም። የውድድሩ ተሳታፊዎች ወደ ጅሬን ሽቅብ ቢወጡ ኖሮ ስንት ባለታሪክ ያገኙ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታችን ቋንቋችን ነው። በታተመው ታሪካችን ውስጥ "ዱዓ" ያልነው "ጸሎት" ሆኗል። "ዘካ" "ምጽዋት" ሆኗል። "ቃዲው" አንዳንድ ቦታ "ዳኛው" ተብሏል። አያትየዋ "ያ አላህ!" ስትል "ወይ ጉድ!" ተደርጋለች። "ኢንሻአላህ" "እግዜር ካለ" ሆኗል። ጸሎትም ምጽዋትም ጥሩ የአማርኛ ቃላት ናቸው፣ በቦታቸው እንወዳቸዋለን። የዚያች አያት አፍ ግን እንደዚያ አይናገርም። ዘካ ከንብረት ተሰልቶ የሚወጣ ግዴታ ነው፣ ምጽዋት ግን በፈቃድ ነው። ወንድምየው ዘካውን በሰዓቱ እያወጣ የእህቱን ድርሻ መብላቱ የታሪኩ ቁልፍ ነበር። ቃሉ ሲቀየር ቁልፉ ጠፋ። ማሪያማ ባ ሚራስ (ውርስ) የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛዋ ውስጥ እንዳለ አስገብታዋለች። ዳካር ውስጥ የተቻለው ጅማ ውስጥ ለምን ያቅታል? እነዚህ ቃላት መርካቶ ገበያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሰማቸው የሚውል ነው።

ሽፋኑን በአጭሩ እንለፈው። ጥቁር በጥቁር የለበሰች፣ ዓይኗ ብቻ የሚታይ ሴት ናት። ከኋላዋ አሸዋ አለ። ጅማ አሸዋ የለም። ከእኛ መካከል ኒቃብ የምታደርግ አንዲት እህት አለችን። ስታየው "እኔን ለመምሰል ፈልገው እኔን አልጠየቁኝም" አለች። ሌሎቻችን ሻሽ የምናስርም አለን፣ ጅልባብ የምንለብስም አለን።

የመጨረሻው የአሠራር ነገር ነው። ለተወዳዳሪዎች ያዘጋጃችሁት የሁለት ቀን ስልጠና የዋለው ረመዳን ውስጥ ነበር። አንደኛው ቀን ዓርብ ነው። ከሰዓት በፊት የነበረው ክፍለ ጊዜ ጁምዓ ሰዓት ድረስ ተራዘመ። ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ የምንሰግድበት ጥግ ብንጠይቅ "ፕሮግራም አይረበሽ" ተባልን። ተራ በተራ ኮሪደር ላይ ሰገድን። የንባብ ምሽቱ ላይ ደግሞ ታናሻችን ታሪኳን አንብባ ስትጨርስ መድረክ መሪው ስለ ጽሑፉ አንድ ጥያቄ አልጠየቃትም። የጠየቃት "አባትሽ እዚህ መምጣትሽን ያውቃል?" ብሎ ነው። አባቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱ ነው ያመጣት። ረቂቋን ያነበበላትም፣ የፊደል ስህተቷን ያረመላትም እሱ ነው። ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጢም አለው፣ ዱላ ግን የለውም። እንዲህ ያለ አባት በመድበላችሁ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

መድበሉ ለትምህርት ቤቶች ከመታደሉ በፊት ሥርጭቱ ይቁም። የታሪካችን የመጀመሪያ መጨረሻና ቃላቱ ይመለሱ። ይህ እስኪሆን በእጃችሁ ባለው ቅጂ ላይ መጨረሻው ያለጸሐፊዎቹ ፈቃድ መቀየሩን የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍ። ለባለታሪኳ እናት በአካል ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት። ቤቷን እኛ እናሳያችኋለን።

አንደኛ የወጣው ታሪክ ሽልማቱ ይነጠቅ አንልም። ጸሐፊው ከእኛ ጋር አንድ ቅዳሜ እንዲቀመጥ ግን እንጋብዘዋለን። የወር አበባውንና የመህሩን ስህተት ቢያርም ታሪኩ ይጠነክርለታል። የዚያችን እናት ዝምታም ቢያስብበት ደስ ይለናል። ልጇ በሠርጓ ዋዜማ ስትጠፋ አንዲት ቃል የማትናገር የጅማ እናት እኛ አናውቅም።

በሁለተኛው ዙር ከዳኞቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ሙስሊም ሴቶች ይኑሩ። የሚመረጡት በአንባቢነታቸውና በጸሐፊነታቸው ይሁን እንጂ ለፎቶ አይሁን። አርታኢ የታሪክ መጨረሻ ሲቀይር የጸሐፊዋን ፊርማ የመቀበል ግዴታ በደንቡ ውስጥ ይግባ። ይህ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ተወዳዳሪ ነው። የስልጠናው ቀን ከረመዳንና ከጁምዓ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ የቀን መቁጠሪያ ይታይ። ለሶላት አንዲት ክፍል ትሰጠን። ለቀጣዩ ሽፋን ፎቶ ካስፈለገ ይህችው ከተማ ውስጥ፣ ባለቤቷ ፈቅዳ የተነሳችው ይሁን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ሁለተኛው ዙር ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት እንጠብቃለን። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን፣ እንጽፋለንም። "አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" የሚለውን ታሪክ ሳንነካካው በድጋሚ እናስገባዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሙስሊም ሴቶች የንባብ ቡድን ሰብሳቢ፣ መምህርት
የቡድኑ ጸሐፊ፣ ነርስ
እና 7 አንባቢና ጸሐፊ አባላት
ጅማ